ጠመኔ የለመዱ ጣቶች

የሰው ጣት የኖረበትን ሥራ ይመስላል። የአራሹ ጣት ከእርፉ፣ የሸማኔው ከመወርወሪያው፣ የጸሐፊው ከብዕሩ ጋር ለረጅም ዘመን ሲላመድ ቅርጹንም ጠባዩንም ከዚያው ይወርሳል። ሃያ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ የአንድ መምህር ጣቶችም እንዲሁ ጠመኔን ይመስሉ ነበር፤ ደረቅ፣ ነጣ ያሉ፣ ከመጻፍና ወደ ሰው ከመጠቆም በቀር ሌላ መታጠፍ የማያውቁ። እነዚህ ጣቶች በአርባ ሰባት ዓመታቸው ጊታር ለመማር ተነሡ። ነገሩ ለጎረቤት ሣቅ፣ ለሥራ ባልደረባ መቀለጃ ሆነ። ለመምህሩ ለራሱ ግን ቀልድ አልነበረም።

ዘመኑ 2010 ዓ.ም.፣ ወሩ መስከረም፣ ከተማው ደሴ ነው። የመምህሩ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አንድ ክረምት ሞክራ የተወችውን ጊታር ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አስደግፋ ሄደች። መምህሩ አቧራውን ሊያራግፍ ሲያነሣው አውራ ጣቱ ሳያስበው አውታሮቹን ነካ። ስድስቱም በአንድነት ጮኹ። ቅኝታቸው የተበላሸ፣ እርስ በርስ የማይስማማ ጩኸት ነበር፤ ይሁን እንጂ ድምፁ ከጆሮው ቶሎ አልጠፋም። ቀና ሲል ዓይኑ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ከአባቱ ክራር ጋር ተገጣጠመ። ክራሩ ከተሰቀለ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ቆዳው ተሰንጥቋል፤ ከአውታሮቹ ሁለቱ ተበጥሰው ተንጠልጥለዋል።

አባቱ ሐይቅ አካባቢ የኖሩ ገበሬ ነበሩ። ክራር የሚደረድሩት ለእንጀራ ሳይሆን ከብቱ ከገባ፣ እራት ከተበላ በኋላ፣ ለራሳቸውና ለጎረቤት ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሰው ልዩነቱን አይፈልግም። በገና የዳዊት ነው፣ ክራር የሰይጣን ነው ይባል ነበር። ክራር ያነሣ ሁሉ አዝማሪ ነው፤ አዝማሪ ደግሞ ቢያስደስትም አይከበርም፣ ቢጠራም ከበላዮቹ ጋር አይቀመጥም። ልጁ ከብት ሲጠብቅም፣ ትምህርት ቤት ሲገባም «የአዝማሪ ልጅ» የሚለው ስድብ ከኋላው አልተለየውም።

አንድ ቀን፣ ዕድሜው አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሳለ፣ ሁለት የክፍል ጓደኞቹ ወደ ቤት ሊመጡ ሆነ። ልጁ አባቱን፣ «አባዬ፣ ዛሬ ክራሩን ባያነሡት» አላቸው። አባትየው መልስ አልሰጡም። ተነሥተው ክራሩን ከምሰሶው ላይ ሰቀሉትና ወደ በረቱ ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲያ ልጁ ቤት ባለበት ሰዓት ክራር ሲደረድሩ አልተሰሙም። አልተቆጡም፣ አልወቀሱም፤ ዝም ብቻ አሉ። በ1992 ዓ.ም. ሲያርፉ ክራሩ ከጥቂት ንብረት ጋር ለልጃቸው ደረሰ። እርሱም እንደ አባቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

መምህሩ ይህን ሁሉ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሒሳብን የመረጠው ቁጥር ስለማይዘፍን ነው ብሎ ራሱን ያሳምን ነበር። እነ ማሪቱ ለገሠን ያፈራው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ዝናው በአገሩ ሁሉ ሲናኝ እርሱ የወጣትነት ዘመኑን ደብተር ላይ ደፍቶ አሳለፈ። ከሙዚቃ የራቀው ስላልወደደው አልነበረም፤ ስለሚያፍርበት ነበር።

ጊታሩን ይዞ አስተማሪ ፍለጋ ሲወጣ ከአስፋልቱ ፈንጠር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በሠርግና በሆቴል የሚጫወት አንድ ወጣት ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚያስተምር ነገሩት። በሩን አንኳኩቶ ገባ። ወጣቱ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ «ቲቸር!» አለ። መምህሩም አወቀው።

በ1996 ዓ.ም. ይህ ወጣት የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ነበር። ከኋላ ረድፍ ተቀምጦ በጣቶቹ ጠረጴዛውን ይመታ ነበር፤ ስድስት ምት እየቆጠረ የሚመላለሰውን፣ ችክችካ የሚባለውን የአገራችንን ምት። መምህሩ አንድ ጊዜ አስጠነቀቀው፤ ሁለተኛ አስጠነቀቀው። በሦስተኛው፣ «ውጣ! አዝማሪነት ካማረህ ጠጅ ቤት ሂድ!» አለው። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ልጁ ለሁለት ሳምንት ከትምህርት ታገደና ወላጁን አምጥቶ ተመለሰ። ከዚያም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሁለት እጆቹን ከጭኖቹ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። መምህሩ ያን ጊዜ ይህን እንደ ሥነ ሥርዓት ድል ቆጥሮት ነበር። አሁን ግን በበሩ ላይ ጊታር ታቅፎ ቆሟል፤ ተማሪው እርሱ ነው።

ወጣቱ ስለ ጥንቱ አንዳች አላነሣም። ወንበር ሰጠውና ጊታሩን ተቀብሎ መቃኘት ጀመረ። ስድስቱ አውታሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ይባላሉ። ስድስተኛው አውታር አምስተኛው ፍሬት ላይ ሲጫን የሚሰጠው ድምፅ ከአምስተኛው ልቅ አውታር ድምፅ ጋር አንድ መሆን አለበት። ሁሉም እንዲሁ ተራ በተራ ይስተካከላሉ፤ ሁለተኛው አውታር ብቻ ከሦስተኛው አራተኛ ፍሬት ጋር ይነጻጸራል። ሁለቱ ድምፆች ሲቀራረቡ በመካከላቸው እንደ ማዕበል የሚወዛወዝ ነገር ይሰማል፤ ሲገጥሙ ማዕበሉ ይረጋል። መምህሩ ያን ርጋታ ለመስማት ሦስት ቅዳሜ ፈጀበት።

ፍሬቶቹ ግን ከመጀመሪያው ቀን ማረኩት። ማታ ቤቱ ገብቶ በማስመሪያ ለካቸው። የአውታሩ ርዝመት ስልሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ፍሬት ከአንገቱ ጫፍ ሦስት ሳንቲ ሜትር ከስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሁለተኛው ሰባት ገደማ፤ አሥራ ሁለተኛው በትክክል በግማሹ፣ በሠላሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ላይ ያርፋል። ከፍሬት ወደ ፍሬት ርቀቱ የሚያንሰው በዘፈቀደ አይደለም። በራሱ 12 ጊዜ ሲባዛ 2 የሚሆን አንድ ቁጥር አለ፤ 1.06 ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ ቀሪው የአውታር ርዝመት በዚህ ቁጥር እየተካፈለ ይሄዳል። ይህን የቁጥር ረድፍ መምህሩ ሃያ አራት ዓመት አስተምሮታል። ልጁን ከክፍል ያስወጣበት ዕለትም ሰሌዳው ላይ የነበረው ይኸው ነበር። በሰሌዳው ላይ የነበረውና በኋላ ረድፍ ጠረጴዛ ላይ የነበረው የአንድ ቤት ልጆች እንደ ሆኑ ለመረዳት አሥራ አራት ዓመት ወሰደበት።

ዕውቀት ግን ጣት ውስጥ በራሱ አይገባም። ለጀማሪ የሚሰጠው የመጀመሪያው ኮርድ፣ ማለትም የኅብረ ድምፅ አያያዝ፣ ሚ ማይነር ነው፤ ሁለት ጣት ብቻ፣ ሁለተኛው ፍሬት ላይ፣ በአምስተኛውና በአራተኛው አውታር። ለዓይን ቀላል ነው። መምህሩ ሲይዘው ግን አንዱ አውታር ደነቆረ፣ ሌላው ተንጫረረ። ወጣቱ ቀስ ብሎ አረመው። ጣቱ በሁለት ፍሬቶች መካከል ሳይሆን ወደ ፍሬቱ ተጠግቶ ይረፍ፤ የጣቱ ሆድ ሳይሆን ጫፉ ይጫን፤ አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ ይደግፍ እንጂ አይነቅ፤ የግራ እጅ ጥፍር ይቆረጥ። ከሁሉ በላይ፣ «ቲቸር፣ አይጨነቁ፤ ሲጨነቁ ትከሻዎ ይነሣል» አለው። መምህሩ «እሺ» አለ። ይህን ቃል በተማሪ ድምፅ ከተናገረ ስንት ዘመኑ!

በሁለተኛው ሳምንት የጣቶቹ ጫፍ ቆሰለ። በሦስተኛው ተላጠ። በክፍል ውስጥ ጠመኔ ሲይዝ ያቃጥለው ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ጫፎቹ ላይ ደንደን ያለ ቆዳ ወጣና ሕመሙ ተወው። ሕመሙ ሲተወው ሌላው ችግር መጣ፤ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው መሻገር። ጣቶቹ እያንዳንዱን ለብቻ ያውቁታል፤ መሐል ላይ ግን ይጠፋሉ። የቀኝ እጅ ምቱን ጠብቆ ሲሄድ የግራው ገና ቦታውን ይፈልጋል። ወጣቱ የሰጠው መድኃኒት አንድ ነበር፤ ቀስ ማለት። ሳይሳሳቱ ለመሻገር የሚበቃ ዝግታ እስኪገኝ ድረስ ማዘግየት፣ በዚያው ላይ መሰንበት፣ ከዚያ ጥቂት ማፍጠን። መምህሩ ይህን ሲሰማ ፈጥኖ የማይመልስ ተማሪን ምን ያህል ጊዜ «ቁጭ በል!» እንዳለ አሰበ።

የሚያስቅም ነገር ነበር። ወጣቱ ኮርዶችን በላቲን ፊደል ስም ይጠራቸዋል፤ መምህሩ ደግሞ ዶ ሬ ሚን ከመጽሐፍ አጥንቷል። ወጣቱ «ሲ ሜጀር» ሲል መምህሩ ሰባተኛውን ድምፅ ሲን ይፈልግ ነበር። በፊደሉ ስም ግን «ሲ» ማለት ዶ ነው። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቃል ሁለት ነገር ሲናገሩ ዋሉ። በመጨረሻ ሲግባቡ ወጣቱ ሣቀ፤ መምህሩም ሣቀ። በዚያች ክፍል ውስጥ አብረው ሲሥቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከዚያ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር ደረሱ። በዶ ሜጀር የቀለበት ጣት በአምስተኛው አውታር ሦስተኛ ፍሬት፣ የመሐል ጣት በአራተኛው አውታር ሁለተኛ ፍሬት፣ አመልካች ጣት በሁለተኛው አውታር መጀመሪያ ፍሬት ላይ ያርፋሉ። ወደ ላ ማይነር ለመሻገር ሁለቱ ጣቶች ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ የቀለበት ጣት ብቻ ተነሥቶ ወደ ሦስተኛው አውታር ሁለተኛ ፍሬት ይሄዳል። ወጣቱ ይህን ካሳየ በኋላ፣ «አሁን ትዝታን ማጀብ ይችላሉ» አለው።

ይህ ማጋነን አልነበረም። የትዝታ ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት፤ ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከእነዚህ አምስት ድምፆች ብቻ የሚገነቡት ሙሉ ሦስት ድምፅ ያላቸው ኮርዶች ሁለት ናቸው፤ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር። አንድ ጣት ከቦታ ወደ ቦታ ስትመላለስ የአንድ ሕዝብ ናፍቆት ይታጀባል። ወጣቱ በቀስታ አንጎራጎረ፤ መምህሩ ጣቱን አመላለሰ። ሦስት ጊዜ ዘገየ፤ አንድ ጊዜ ጭራሽ ረሳ። አራት ደቂቃ ያህል ግን ሙዚቃ ነበር።

ባቲም ለጀማሪ ቸር ነው፤ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ በሚለው ረድፉ ውስጥ ዶ ሜጀርና ሚ ማይነር ይገኛሉ። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገቡም። በአምባሰል መነሻ ድምፅ ላይ የሚቆም ሜጀርም ማይነርም የለም፤ ባዶ አምስተኛውን ብቻ ይዞ ከሥር ማስተጋባት ይሻላል። አንቺ ሆዬ ውስጥ ያ አምስተኛ ድምፅ እንኳ የለም። ጀማሪ ከመጽሐፍ የለቀመውን ኮርድ በእነዚህ ላይ ቢጭን ዜማውን ያደነዝዘዋል። ወጣቱ ይህን ሲያስረዳ፣ «ጊታር የሚቀበላቸውም የሚለምናቸውም አሉ» አለ። እንደ ሮሃ ባንዱ ሰላም ሥዩም ያሉ ጊታረኞች የተመሰገኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ልመና ነው፤ ጊታሩን የአገሩን ዜማ እንዲሰማ ማስተማራቸው።

መምህሩ የዚያን ምሽት ክራሩን ከግድግዳ አወረደው። አንድ ነገር ሊመረምር ፈልጎ ነበር። በጊታር ላይ ጣት የሚያርፈው ድምፁን ለመፍጠር ነው። በክራር ድርደራ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀኝ እጅ አውታሮቹን በሙሉ ሲገርፍ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ይዘው ዝም ያሰኛሉ፤ የተለቀቀው ብቻ ይናገራል። የክራር ተጫዋች ሙያው የትኛውን ዝም እንደሚያሰኝ ማወቅ ነው። «ቅኝት» የሚለው ቃልም ለዚህ ነው ሁለት ነገር የሚይዘው፤ አውታሩን ማስተካከልም ነው፣ የዜማው ጠባይም ነው። ክራር ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሄድ አውታሮቹ ራሳቸው እንደገና ይቃኛሉ። ጊታሩ ባለበት ቆሞ ጣቱ ይዞራል፤ ክራሩ ግን ለእያንዳንዱ ስሜት ራሱን ይለውጣል። መምህሩ ጣቶቹን በቀሩት አራት አውታሮች ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ። አባቱ ድምፅን በጣት መያዝ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ያን ዕለትም ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

በስምንተኛው ቅዳሜ ወጣቱ ድንገት ጠየቀው። «ቲቸር፣ የአባትዎ ክራር ቤትዎ እንዳለ ነግረውኛል። ክራሩ እያለ ለምን ጊታር መረጡ?»

መምህሩ ክራሩ ተበላሽቷል ሊል ነበር። እውነት ነው፣ ተበላሽቷል፤ ቆዳና አውታር ግን ገበያ ላይ አይጠፋም። ዝም አለ፤ ከዚያ፣ «ጊታር ይዞ ከተማ ውስጥ የሚሄድ ሰውን ማንም አዝማሪ አይለውም» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ቃል በዚህ ሰው ላይ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የተወረወረ ቃል ነው።

«ያን ጊዜ ያልኩህን አልረሳሁትም» አለ መምህሩ። «ጥፋቱ የኔ ነበር። ይቅር በለኝ።»

ወጣቱ አውታሩን በእጁ እንደ ያዘ ቆየ። «እኔም አልረሳሁትም፣ ቲቸር» አለ። «መድረክ ላይ ወጥቼ ተራዬን ስጠብቅ እስካሁን እጄን ከጭኔ ሥር አደርጋለሁ። ልማድ ሆኖ ቀረ።» ምሬት አልነበረበትም፤ ማጽናኛም አልጨመረበትም። ጥቂት ቆይቶ፣ «እንግዲህ ከዶ ወደ ላ» አለ። ትምህርቱ ቀጠለ።

ይቅርታ የጠፋውን ሁሉ አይመልስም። እነ ካሣ ተሰማ፣ እነ ሜሪ አርምዴ፣ እነ አስናቀች ወርቁ ክራርን ከንቀት አውጥተው በአደባባይ ያከበሩት ረጅም ዘመን ታግለው ነው፤ ዛሬ ክራር በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፒያኖ ጎን ይጠናል። ነገር ግን አንድ ንቀት በአገር ደረጃ ቢሸነፍ በየቤቱና በየክፍሉ ገና ይሰነብታል። ከዚያ የሚወጣው አንድ በአንድ፣ በየሰው ጣት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መምህሩ ጊታሩን በከረጢቱ ትቶ ክራሩን አነሣ። ከረጢት አልነበረውም፤ ጨርቅም አልጠቀለለበትም። ገበቴውን ከክንዱ ሥር አድርጎ፣ ቀንበሩ በትከሻው በላይ እየታየ፣ ተማሪዎቹና የተማሪዎቹ ወላጆች በሚመላለሱበት መንገድ በእግሩ ሄደ። አንዳንዱ ዞሮ አየው፤ አንዳንዱ ሰላም ብሎት አለፈ። ከሁሉ የሚበዛው ግን ምንም አላለም። አርባ ዓመት ሙሉ የፈራው ይህንን መንገድ ነበር፤ መንገዱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ቆዳው ተለወጠ፤ አውታሮቹ ተተኩ። መምህሩ በክራር ጎበዝ አልሆነም፤ በጊታርም ፋ ሜጀርን፣ አመልካች ጣት ስድስቱንም አውታር በአንድነት የሚጫንበትን ያን ክፉ ኮርድ፣ በዓመቱ መጨረሻም አልተዋጣለትም። ሁለት ኮርድና ጥቂት ቀላል ዘፈን ያዘ፤ የልጆች መዝሙር፣ አንድ ትዝታ፣ አንድ ባቲ። ልጁ ለዕረፍት ስትመጣ ጊታሯን ቅኝቱ ተስተካክሎ አገኘችው።

በ2010 ዓ.ም. የመጨረሻ ወራት በአንዱ ቀን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ከኋላ ረድፍ ድምፅ ሰማ። ጠረጴዛ የሚመታ ጣት ነበር። ሳይዞር ቆመ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ጣቱም ቆመ። መምህሩ ሲዞር አንድ ልጅ ሁለት እጆቹን ከጠረጴዛው በታች ሲደብቅ አየ።

«እጅህን አውጣ» አለው መምህሩ። ልጁ ፈራ።

«ምቱ ሦስተኛው ላይ ፈጠነብህ። ከትምህርት በኋላ ና፤ ቀስ ብለን እንቆጥረዋለን። አሁን ግን ወደ ሰሌዳው።»

ጠመኔውን አንሥቶ ካቆመበት ቀጠለ። በግራ እጁ ጣቶች ጫፍ ላይ የደነደነው ቆዳ በሰሌዳው ጠርዝ ላይ አርፎ ነበር።